ያልተሞላው ሳጥን፦ መተው የሚቻል ነገርና ነባሪ ዋጋ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ

ከፍኖተ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ ገጠር የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው መቼ እንደተወለደች ቢጠየቁ፣ «ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ነው፤ መስቀል አልፏል፤ ኅዳር ሚካኤል ግን ገና አልደረሰም ነበር» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። እንዲህ ያለ መልስ በአገራችን ገጠር እንግዳ አይደለም። ከተማ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ «ቀኑን አያውቁትም» ብሎ ይደመድም ይሆናል። ለፊዚክስ ሰው ግን ይህ መልስ በአግባቡ የተሰጠ ልኬት ነው። ዓመቱ 2001 ዓ.ም. መሆኑ ታውቋል። መስቀል መስከረም 17፣ ኅዳር ሚካኤል ደግሞ ኅዳር 12 ቀን ስለሚውሉ፣ ልደቱ በ55 ቀናት ክልል ውስጥ ተወስኗል። የክፍተቱን አጋማሽ፣ ጥቅምት 14 ቀን አካባቢ ወስደን ብንመዘግብ፣ ቢበዛ 28 ቀን ብንሳሳት ነው። ልኬቱ ከነስሕተት ወሰኑ ተሰጥቶናል ማለት ነው።

አሁን ይህ እውቀት ወደ ኮምፒዩተር ይግባ እንበል። በመስኮቱ ላይ ሦስት ሳጥኖች አሉ፤ ቀን፣ ወርና ዓመት። «ከመስቀል በኋላ» የሚል ሳጥን የለም። መዝጋቢው ዓመቱን 2001 ብሎ ሞላ፤ ቀኑንና ወሩን ተዋቸው። ፕሮግራሙም ዝም ብሎ ተቀበለ፤ ያልተሞሉትን ሳጥኖችም ራሱ 1 እና 1 ብሎ ሞላቸው። ልጅቱ መስከረም 1 ቀን 2001 ዓ.ም. ተወለደች። በሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ ፕሮግራሙ የተሠራው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው እንበል። እዚያም ዓመቱ 2009 ተብሎ ገባ፤ ቀኑና ወሩም እንደዚሁ 1 እና 1 ሆኑ። ስለዚህ ልጅቱ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2009፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ተወለደች። በሁለቱ ልደቶች መካከል 112 ቀናት አሉ። ልብ በሉ፦ እናትየው ከተናገሩት የ55 ቀናት ክልል አንደኛው ቀን ቀድሞ፣ ሁለተኛው ደግሞ ዘግይቶ ነው የወደቀው። ሁለቱም ፕሮግራሞች ያቀረቡት ቀን፣ እናትየው «አይደለም» ብለው ሊማሉበት የሚችሉት ቀን ነው።

ይህ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርገው ደንግገዋል። በመጀመሪያው መዝገብ መሠረት ልጅቱ 18 ዓመት የሚሞላት መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በእውነተኛው ልደቷ ብንሄድ ግን ይህ ቀን ቢያንስ በ16፣ ቢበዛ በ71 ቀናት ቀድሟል። በሁለተኛው መዝገብ ደግሞ ከ41 እስከ 96 ቀናት ይዘገያል። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የልጅነት ጋብቻ ምን ያህል የቆየ ችግር እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ የለንም። ሕጉ የቆመው በአንዲት ቀን ላይ ነው፤ ቀኗን የወሰናት ደግሞ እናትየውም መዝጋቢውም ያልመረጡት፣ አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ከብዙ ዘመን በፊት ምናልባትም ምንም ሳያስብ የጻፈው «= 1» ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ይህንኑ «= 1» ነው። ነገሩ በኮምፒዩተር ሳይንስ ውስጥ ትንሽ ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት በሁለት አንቀጽ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። ይሁንና በውስጡ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደበላልቀው ይኖራሉ፤ መለየታቸውም ይጠቅማል።

ፈንክሽንና የቡና ትእዛዝ

ፈንክሽን ማለት በፕሮግራም ውስጥ አንድን ሥራ ለይቶ የሚሠራ፣ በስሙ ሲጠራ ሥራውን አከናውኖ ውጤቱን የሚመልስ ክፍል ነው። ሥራውን ለማከናወን የሚያስፈልጉትን ነገሮች የሚቀበልባቸው ቦታዎች ፓራሜትር ይባላሉ። ከላይ ያነሣነው ፕሮግራም በአማርኛ ቢጻፍ እንዲህ ይመስላል፦

መዝግብ(ስም፣ የአባት ስም፣ ዓመት፣ ወር = 1፣ ቀን = 1)

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፓራሜትሮች ግዴታ ናቸው፤ ካልተሰጡ ፈንክሽኑ አይሠራም። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ቢተዉም ሥራው ይቀጥላል፤ በምትካቸውም 1 ይገባል። ይህ ምትክ «ነባሪ ዋጋ» ወይም በተለምዶ «ዲፎልት» ይባላል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ይህን ፓራሜትር መተው ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከተተወ ምን ይገባበታል?» የሚል ነው። ከላይ ባለው አጻጻፍ ሁለቱም በአንድ ምልክት ስለተመለሱ፣ አንድ ጥያቄ ይመስላሉ። አብዛኛው ፕሮግራም ጸሐፊም ዕድሜውን ሙሉ እንደ አንድ ጥያቄ እያየ ሊኖር ይችላል። የሚለያዩት ፕሮግራሙ ራሱን መመርመር ሲጀምር ነው።

ቡሬ ከተማ አንድ ቡና ቤት ገብቶ «አንድ ቡና» የሚል ሰው ስለ ስኳር ምንም አልተናገረም። መተው ይቻላል፤ ስለዚህ አስተናጋጇ «ስለ ስኳር ካልነገሩኝ አልቀዳም» አትልም። የሚመጣው ግን እንደ ቤቱ ነው። በከተማው ቡናው ከነስኳሩ ይመጣል፤ በገጠሩ ግን ቡና በጨው የሚጠጣባቸው ቤቶች አሉ። እንግዳው ስኳር የለመደ ከሆነ የመጀመሪያውን ፉት ሲል ይደነግጣል። «መተው ይቻላል» የሚለውን ያውቅ ነበር፤ «ከተተወ ይህ ይገባል» የሚለውን ግን አያውቅም ነበር።

ራሱን የሚያይ ፕሮግራም

«ነጸብራቅ» ሲባል ለፊዚክስ ተማሪ መጀመሪያ የሚታየው መስተዋትና የብርሃን ጨረር ነው።  በኮምፒዩተር ሳይንስ ነጸብራቅ ማለት አንድ ፕሮግራም በመሥራት ላይ ሳለ የራሱን አሠራር መመርመር መቻሉ ነው፤ ይኸውም «በውስጤ ምን ምን ፈንክሽኖች አሉ? ፓራሜትሮቻቸው ስንት ናቸው? ስማቸው ማነው? ዓይነታቸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ ማግኘቱ ነው። ሐሳቡን በጠራ መልኩ ያቀረበው ብራያን ካንትዌል ስሚዝ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1982 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ ነው። ዛሬ ጃቫ፣ ሲ ሻርፕ፣ ፓይተን፣ ፒ ኤች ፒ፣ ኮትሊንና ሌሎችም ብዙ ቋንቋዎች በየመልካቸው ይህን ችሎታ ይሰጣሉ።

ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ ከላይ ያየነውን የምዝገባ መስኮት እንውሰድ። በዛሬው ጊዜ እንዲህ ያለውን መስኮት እያንዳንዱን ሳጥን በእጅ እየሣሉ መሥራት ግድ አይደለም። መስኮት ሠሪው ፕሮግራም «መዝግብ» የተባለውን ፈንክሽን በነጸብራቅ ይመረምራል፤ አምስት ፓራሜትሮች እንዳሉት ያያል፤ አምስት ሳጥኖችም ይሠራል። መተው የማይቻሉት አጠገብ ኮከብ ምልክት ያደርጋል። ነባሪ ዋጋ ያላቸውን ደግሞ ቀድሞ ሊሞላቸው ይችላል። እንግዲህ መስኮት ሠሪው ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መጠየቅ የሚገደደው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ለኮከቡ፣ ሁለተኛው ለሳጥኑ ይዘት ያስፈልጋል።

ዶት ኔት በተባለው የማይክሮሶፍት ሥርዓት ውስጥ ስለ ፓራሜትር የሚያውቀው ክፍል «ፓራሜትር ኢንፎ» ይባላል። በእርሱ ላይ «ኢዝ ኦፕሽናል» የሚል ጥያቄ አለ፤ መተው ይቻላል ወይ ማለት ነው። «ሃዝ ዲፎልት ቫልዩ» የሚልም አለ፤ ነባሪ ዋጋ አለው ወይ ማለት ነው። ሰው እንደሚጠብቀው ከሆነ የሁለቱ መልስ ሁልጊዜ አንድ መሆን ነበረበት። ግን አይደለም። አንድን ፓራሜትር «መተው ይቻላል» የሚል ምልክት ብቻ ሰጥቶ፣ ምን እንደሚገባበት ሳይናገሩ መተው ይቻላል። በተቃራኒውም ነባሪ ዋጋ ጽፎ «መተው ይቻላል» የሚለውን ምልክት አለመስጠት ይቻላል። ሁለቱ በፕሮግራሙ መዝገብ ውስጥ ለየብቻ የተጻፉ ሁለት እውነታዎች ናቸውና።

ከዚህም የሚያስገርመው የታሪኩ ቅደም ተከተል ነው። ሲ ሻርፕ ቋንቋው ራሱ አማራጭ ፓራሜትርን የተቀበለው በአራተኛ እትሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። «ነባሪ ዋጋ አለው ወይ?» የሚለው ግልጽ ጥያቄ ግን በነጸብራቁ ላይ የተጨመረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነበር። በፊት ሰዎች ያደርጉ የነበረው ነባሪ ዋጋውን በቀጥታ መጠየቅ ነው፤ ዋጋ ከሌለ የሚመለሰው ልዩ ምልክት ነበር። ይህ ልዩ ምልክት ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም «ባዶ» ራሱ ነባሪ ዋጋ ሊሆን ስለሚችል ነው። «ነባሪ ዋጋው ባዶ ነው» እና «ነባሪ ዋጋ የለውም» የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ተማሪዎቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፦ ፈተናውን ተፈትኖ ዜሮ ያገኘ ተማሪና ታሞ ያልተፈተነ ተማሪ በውጤት ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት መልክ ቢኖራቸው፣ አንደኛው ላይ ግፍ ተፈጽሟል።

ፓይተንም ለዚሁ ችግር ተመሳሳይ መፍትሔ አበጅቷል። በ2012 በወጣው 3.3 እትሙ ላይ የፈንክሽንን ፊርማ የሚያነብ መሣሪያ ሲጨመር፣ ነባሪ ዋጋ ለሌለው ፓራሜትር የሚመለሰው በፓይተን የታወቀው ባዶ ዋጋ፣ «ነን»፣ እንዳይሆን ታስቦ «ኤምፕቲ» የተባለ ለዚሁ ብቻ የተፈጠረ ምልክት ተሰጠው። ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ ነው።

ኮትሊን ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም ይልቅ ሐቀኛው እርሱ ነው። በኮትሊን ነጸብራቅ «መተው ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ምን ይገባበታል?» ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም። መስኮት ሠሪው ሳጥኑን ክፍት ትቶ፣ ፈንክሽኑን ያለዚያ ፓራሜትር ይጠራዋል፤ ምትኩን ፈንክሽኑ ራሱ ያውቃል። ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ በኮትሊን ነባሪ ዋጋ የታሰረ ቁጥር መሆኑ ቀርቶ ስሌትም ሊሆን ስለሚችል ነው፤ «የዛሬ ቀን» ወይም «ቀደም ብሎ ከተሰጠው ዓመት ሲቀነስ አንድ» ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ፈንክሽኑ ሳይጠራ በፊት ዋጋ የለውም። የሌለን ነገር «ይኸውልህ» ከማለት «መተው ትችላለህ» ብሎ ማቆሙ ይሻላል።

የራሳችንም ፊደል በዚህ ረገድ የሚነግረን ነገር አለ። «ገና» ተብሎ የተጻፈው ቃል ሲጠብቅ በዓሉ፣ ሲላላ «እስካሁን» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «አለ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የመጥበቅ ምልክት በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦታ አለው፤ መጻፉ ግን ግዴታ አይደለም፤ የሚጽፈውም ከስንት አንድ ነው። ምልክቱ አልተጻፈም ማለት ታዲያ ፊደሉ ላልቷል ማለት ነው? አይደለም። መተው ይቻላል፣ ነባሪ ዋጋ ግን የለውም፤ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ያወጣዋል። አማርኛን ጮኾ የሚያነብ ፕሮግራም ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ በመጀመሪያ የሚጋጨው ከዚሁ ጋር ነው፤ «ምልክት ከሌለ ላላ ነው» ብሎ የጻፈ ዕለት የልደትን በዓል «እስካሁን» እያለ ሲያነብ ይሰማዋል።

ምትኩ የሚኖረው በማን ቤት ነው?

ወደ ቡናው እንመለስ። ስኳር ወይም ጨው የሚለውን የሚወስነው ማነው? በተለመደው ኑሮ ባለቤቱ ነው፤ እንግዳው ዝም ሲል ባለቤቱ እንደ ቤቱ ልማድ ይሠራል። ፓይተንና ኮትሊን እንዲህ ናቸው። ነባሪ ዋጋው ያለው በተጠሪው ፈንክሽን ውስጥ ነው።

ሲ ሻርፕ ግን እንግዳ ጠባይ አለው። ፕሮግራሙ ወደ ማሽን ቋንቋ በሚያቀርበው መልክ ሲተረጎም፣ ተርጓሚው የተጠሪውን ነባሪ ዋጋ አይቶ በጠሪው ውስጥ ይጽፈዋል። እንግዳው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ የቤቱን ልማድ ጠይቆ፣ «አንድ ቡና በስኳር» ብሎ በወረቀት ጽፎ ይዞ እንደመጣ ቁጠሩት። በመካከሉ ባለቤቷ ልማዷን ለውጣ «ከዛሬ ጀምሮ በጨው ነው» ብትል፣ ወረቀቱ ግን ስኳር ማለቱን አይተውም፤ እንግዳው ተመልሶ አዲስ ወረቀት እስካልጻፈ ድረስ ስኳር ይቀርብለታል። በፕሮግራም ቋንቋ ይህ ማለት፣ የተጠሪው ቤተ መጻሕፍት ነባሪ ዋጋውን ቢለውጥም ጠሪው ፕሮግራም እንደገና እስካልተተረጎመ ድረስ የቀድሞውን ዋጋ መላኩን ይቀጥላል። በነጸብራቅ የሚጠራው ፕሮግራም ደግሞ ዋጋውን የሚያነበው በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዱን ፈንክሽን በቀጥታ የጠራና በነጸብራቅ የጠራ ሁለት ፕሮግራሞች፣ ሁለቱም ፓራሜትሩን ትተው፣ የተለያየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ።

የፓይተንም ጉድለት ሳይጠቀስ አይታለፍም። በፓይተን ነባሪ ዋጋ የሚሰላው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፈንክሽኑ በተደነገገበት ቅጽበት ነው። አንድ የጤና ጣቢያ ኮምፒዩተር «የምዝገባ ቀን = የዛሬ ቀን» የሚል ነባሪ ዋጋ ያለው ፕሮግራም ሰኞ ጠዋት ተከፍቶለት ሳይጠፋ ሳምንቱን ሙሉ ቢሠራ፣ ማክሰኞም ረቡዕም የመጡ ሰዎች ሁሉ ሰኞ የተመዘገቡ ሆነው ይጻፋሉ። ፕሮግራሙ አልተሰበረም፤ የስሕተት መልእክትም አይመጣም። አርብ ዕለት ሪፖርቱን የሚያየው ሰው «ሰኞ ገበያ ስለሆነ ይሆናል» ብሎ ያልፈው ይሆናል።

አንድ ነባሪ ዋጋ ሌላውን እንደሚጎትት ደግሞ ተመልከቱ። የተወለደችበት ቀን መስከረም 1 ተባለ፤ ሰዓቱም አልተሰጠም፤ ስለዚህ እኩለ ሌሊት ሆነ። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሲሆን በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና ያለፈው ቀን ነው፤ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። መዝገቡን በዋሽንግተን ሆኖ የሚያነብ ፕሮግራም በአካባቢው ሰዓት ካሳየው፣ ልጅቱ የተወለደችው ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ትሆናለች። እናትየው በእርግጠኝነት የተናገሩት ዓመቱን ነበር፤ በመጨረሻ እርሱም ተለወጠ።

ዜሮ ዝናብና ያልተለካ ዝናብ

የእኛ ሙያ ከኮምፒዩተሩ ሰዎች ቀድሞ ይህን ችግር ያውቀዋል። በፍኖተ ሰላም አካባቢ በክረምት ወራት የዝናብ መለኪያ በየዕለቱ ይነበባል እንበል። አንድ ቀን 0 ተብሎ ተጻፈ። ይህ ማለት መለኪያው ታይቶ ባዶ ሆኖ ተገኘ ማለት ሊሆን ይችላል፤ አንባቢው ለቅሶ ሄዶ ሳይነበብ ቀረ ማለትም ሊሆን ይችላል። ያልተነበበው ቀን ባዶ ተደርጎ ቢተው ጥሩ ነበር፤ ሠንጠረዡን የሚያነበው ፕሮግራም ግን ባዶውን በ0 ከተካው፣ የሐምሌ አማካይ ዝናብ ይወርዳል፤ ድርቅ ያልነበረበት ዓመት ድርቅ ይመስላል። በዚህ ምክንያት በብዙ የአየር ጠባይ መዝገቦች ውስጥ ላልተለካ ቀን እንደ −9999 ያለ፣ ዝናብ ሊሆን ከቶ የማይችል ቁጥር ይጻፋል። የሚያምር ዘዴ አይደለም፤ ማስታወሻውን ያላነበበ ተማሪ አማካይ ሲያወጣ ከዜሮ በታች የሆነ ዝናብ አግኝቶ ይደነግጣል። መደንገጡ ግን ጥቅም አለው፤ 0 ቢሆን ኖሮ ሳይደነግጥ ያልፍ ነበር።

በዓለም የታወቀው ምሳሌ የኦዞን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞን መጠን በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚቀንስ ከመሬት ባደረጉት ልኬት ደርሰውበት በኔቸር መጽሔት አሳተሙ። ኒምበስ 7 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት ከ1978 ጀምሮ ያንኑ ሰማይ ስትለካ ነበር። የሳተላይቷን ልኬት የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ከ180 ዶብሰን መለኪያ በታች የሆኑትን ቁጥሮች አጠራጣሪ የሚል ምልክት ይሰጣቸው ነበር። ብዙ ጊዜ ሲወራ «ፕሮግራሙ ጣላቸው» ይባላል፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ቁጥሮቹ ከነምልክታቸው ተቀምጠው ነበር። ተመልሶ ለማየትና ጉድጓዱ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በካርታ ለማሳየት የተቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በምትካቸው «የተለመደው አማካይ» የሚል ነባሪ ዋጋ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ተመልሶ የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር።

ምልክቱን አብሮ መያዝ

ወደ ልደት ቀን ስንመለስ፣ ከዚሁ ከአገራችን አንድ የሚያኮራ አሠራር አለ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተባለው፣ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጊዜው የሚካሄደው የቤት ለቤት ጥናት፣ ገና ከመጠይቁ ጀምሮ ወሩን ለማያውቅ ሰው 98፣ ዓመቱን ለማያውቅ 9998 የሚል የተለየ መልስ አዘጋጅቷል። «አላውቅም» በቁጥሩ ቦታ ላይ የሚጻፍ ሕጋዊ መልስ ሆነ ማለት ነው። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ለስሌት ሙሉ ቀን ስለሚያስፈልግ፣ የጎደለው ወር ወይም ዓመት ሌሎቹ መልሶች በሚፈቅዱት ክልል ውስጥ በዕጣ ይሞላል። ሁሉም ሰው መስከረም አንድ ላይ አይከመርም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከእያንዳንዱ የልደት ቀን አጠገብ ሌላ ዓምድ አለ። በዚያም ላይ ወሩም ዓመቱም የተነገረ ነው፣ ወሩ የተሞላ ነው፣ ወይም ሁለቱም የተሞሉ ናቸው የሚል ምልክት ተጽፏል። ይህ ዓምድ ነጸብራቅ ነው። መረጃው ስለ ራሱ «ይህን ሰው ነገረኝ፣ ይህን እኔ ሞላሁት» ብሎ ይመሰክራል። (በነገራችን ላይ የኢትዮጵያው መረጃ ቀኑን የሚይዘው በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ የውጭ አገር ተመራማሪ በወር የተቆጠረውን ቀን ወደ እርሱ አቆጣጠር ሲያመጣ 92 ወር ይጨምራል፤ ይኸውም 7 ዓመት ከ8 ወር ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ስለ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ዕድሜ የሚጽፈው ነገር አስቂኝ ይሆናል።)

ነገሩ ለአገራችን ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተካሄደው በዚሁ ጥናት ልደታቸው በመንግሥት አካል ዘንድ የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ የተጀመረው ጥናቱ ከተካሄደ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ የተወለዳችሁት ከዚያ በፊት ነው። የልደት ቀናችሁ ከቤተሰብ ትዝታ ወደ ትምህርት ቤት መዝገብ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር የተሻገረ ነው። በየመሻገሪያው ላይ ደግሞ ሳጥን አለ። በስደተኛ ጣቢያ አልፈው አሜሪካ የገቡ ወገኖቻችንን ያገኘ ሰው፣ በመካከላቸው ጥር 1 ቀን የልደት በዓሌ ነው የሚሉ ብዙዎች መኖራቸውን ያውቃል፤ የመዝጋቢው ሳጥን ባዶ መተው ስለማይችል ነው።

እንግዲህ የእኛን ፈንክሽን እንዴት ብንጽፈው ይሻላል? «ወር = 1» የሚለውን አውጥተን «ወር = ባዶ» ብናደርገው አንድ ደረጃ ይሻሻላል፤ መተው ይቻላል፣ የሐሰት ዋጋ ግን አይገባም። ይህ ግን የእናትየውን መልስ አሁንም ይጥለዋል። እርሳቸው የተናገሩትን ለመያዝ የሚበቃው እንዲህ ያለው ነው፦

መዝግብ(ስም፣ የአባት ስም፣ ከዚህ ቀን ወዲህ፣ ከዚህ ቀን ወዲያ፣ የተነገረ ወይስ የተሞላ)

እዚህ ላይ ነባሪ ዋጋ የሚባል ነገር የለም፤ አምስቱም ግዴታ ናቸው። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ ሰው በሦስተኛውና በአራተኛው ሳጥን ውስጥ አንዱኑ ቀን ይጽፋል። ዓመቱን ብቻ የሚያውቅ መስከረም 1 እና ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱም ጳጉሜን 6 ብሎ ይሞላል። የምናባችን እናት መስከረም 17 እና ኅዳር 12 ይላሉ። መስኮት ሠሪውም ፈንክሽኑን በነጸብራቅ ሲመረምር አምስት ኮከቦች ያያል፤ ራሱ የሚሞላው ነገር አያገኝም። አንዳንድ የሶፍትዌር ሰዎች «ይህ ለመዝጋቢው ሥራ ያበዛል» ብለው እንደሚቃወሙን እናውቃለን። ያበዛል፤ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው፦ «ከየትኛው በዓል በኋላ ነው?»

ከዚያ በኋላ «18 ዓመት ሞልቷታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፈንክሽን ሦስት ዓይነት መልስ ይኖረዋል። ከመስከረም 17 ቀን 2019 ዓ.ም. በፊት «አልሞላትም» ይላል። ከኅዳር 12 ቀን 2019 ዓ.ም. በኋላ «ሞልቷታል» ይላል። በመካከል ባሉት 55 ቀናት ውስጥ ደግሞ «በዚህ መረጃ አይታወቅም» ብሎ ይመልስና፣ ጉዳዩ ምስክር መጥራትና እናትየውን መጠየቅ ለሚችል ሰው ይተላለፋል።